«ቃል የገባሁት ገንዘብ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ፤ አሁን ጥሞናዬንም ፈራሁት»

ጥያቄ፦ ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየማለዳው አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ከአጭር ማብራሪያ ጋር የማነብበት የጥሞና ጊዜ አለኝ፤ በጣምም እወደው ነበር። በቅርቡ ንባቦቹ ስለ መስጠት በሚናገሩ ክፍሎች ላይ አተኮሩ፦ ያላትን ሁሉ የጣለችው መበለት፣ ነቢዩ ሚልክያስ ስለ አሥራት የተናገረው፣ ከአቅማቸው በላይ የሰጡት የመቄዶንያ ምእመናን። በዚያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያናችን ለችግረኞች መርጃ ገንዘብ ባሰባሰበችበት የማታ ጉባኤ ላይ ልቤ ተነካና ከደመወዜ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ ልከፍል በጽሑፍ ቃል ገባሁ። ለባለቤቴ አልነገርኩትም። የመጀመሪያውን ክፍያ ከሥራ ባልደረባዬ ተበድሬ ከፈልኩ፤ በዚህ ወር ደግሞ ለእናቴ መድኃኒት የምልከው ገንዘብ ጎደለብኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት መጽሐፉን ስከፍት የሚከሰኝ ይመስለኛል። ቃል የገባሁትን ብቀንስ እምነት ማጣት ይሆንብኛል? ጥሞናዬንስ ለጊዜው ላቋርጠው?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ልብዎ ለችግረኛ መራራቱ መልካም ነገር ነውና በዚህ እንዳይጸጸቱ አስቀድሜ እለምንዎታለሁ። ለሁለቱ ጥያቄዎችዎ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቃል የገቡት መጠን እንዲስተካከልልዎ የቤተ ክርስቲያንዎን ኃላፊዎች መጠየቅ እምነት ማጣት አይደለም፤ ለዚህ መንገዱን የከፈተው መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ነው። ጥሞናዎንም አያቋርጡ፤ የሚያነቡበትን መንገድ ግን ይለውጡ። እንደሚመስለኝ ጭንቀት ላይ የጣለዎ ስለ መስጠት አብዝተው ማንበብዎ ሳይሆን፣ ስለ መስጠት የተነገሩት ቃላት ከታሪካቸው ተነጥለው፣ ማን ለማን፣ መቼና በምን ሁኔታ እንደ ተናገራቸው ሳይታወቅ፣ በየማለዳው አንድ አንድ እየሆኑ ስለ ደረሱዎ ነው።

በጣም የሚያስፈራዎ ቃል መግባትዎ ስለ ሆነ ከእርሱ ልጀምር። በመክብብ 5 ላይ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል እንደሚሻል የተጻፈውን ሳያስታውሱ አልቀሩም። ቃሉ እውነት ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የስእለት ሥርዓት በዝርዝር የተደነገገው በዘሌዋውያን 27 ነው፤ ብዙ የዕለት ንባቦችም ይህን ምዕራፍ ቁጥር የበዛበት እየመሰላቸው ያልፉታል። በዚያ ዘመን አንድ ሰው ሰውን ለእግዚአብሔር ሲሳል ዋጋው በብር ሰቅል ይተመን ነበር፤ ዕድሜው ከ20 እስከ 60 ዓመት ለሆነ ወንድ 50 ሰቅል፣ ለሴት 30 ሰቅል፣ ለሕፃናትና ለሽማግሌዎችም እንዲሁ የየራሳቸው ልክ ነበራቸው። ይህ ሁሉ ቁጥር ተዘርዝሮ ሳያበቃ 8ኛው ቁጥር ላይ ሕጉ ቆም ይልና የተሳለው ሰው ግምቱን ለመክፈል የማይችል ድሀ ቢሆን በካህኑ ፊት እንዲቆም፣ ካህኑም እንደ ተሳለው ሰው አቅም እንዲገምትለት ያዝዛል።

ይህ ቁጥር ለእርስዎ ጉዳይ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ይመልከቱ። ሕጉ ሰው በቅንዓት ተነሣሥቶ ከአቅሙ በላይ ሊሳል እንደሚችል አስቀድሞ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ሐሰተኛ አይለውም፤ ሄደህ ተበደር ብሎም አያዝዘውም። ስእለቱን እንደ ቀልድ ቆጥሮ አይሰርዘውም፤ ሰውዬው ግን ተደብቆ እንዳይቀር ኃላፊነት ባለው ሰው ፊት ቀርቦ እውነተኛ አቅሙን እንዲናገር ያደርገዋል። ቃሉ ጸንቶ ይቀራል፣ መጠኑ ግን ወደ አቅሙ ይወርዳል ማለት ነው። በመሥዋዕቱም ሥርዓት ይኸው ርኅራኄ ይታያል። በዘሌዋውያን 5 በግ ያልቻለ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ግልገሎች ያቀርባል፤ ይህንም ያልቻለ የኢፍ መስፈሪያ አሥረኛ ክፍል መልካም ዱቄት ያመጣል፤ ለሦስቱም የተነገረው ስርየት አንድ ነው። እመቤታችን ማርያም ከወለደች በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም በወጡ ጊዜ ሉቃስ የሚጠቅስልን መሥዋዕት የወፎቹን ነው፤ ይህም በዘሌዋውያን 12 በግ ለመግዛት እጇ ላልደረሰ እናት የተፈቀደው ነው። ጌታ ያደገበት ቤት እንደ አቅም በተተመነው ልክ ያቀረበ ቤት ነበር።

አሁን ወደ መቄዶንያ ምእመናን እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ልብዎን የያዙት እነርሱ እንደ ሆኑ ከደብዳቤዎ ተረድቻለሁና። በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ጳውሎስ እነዚህ ሰዎች በብዙ መከራ እየተፈተኑ፣ በጥልቅ ድህነት ሳሉ፣ እንደ አቅማቸውና ከአቅማቸውም በላይ እንደ ሰጡ ይመሰክራል። ቃሉን ላለሰልስልዎ አልፈልግም፤ «ከአቅማቸው በላይ» የሚለው በእርግጥ ተጽፏል፣ ምስጋናም ነው። ይሁን እንጂ ጳውሎስ ይህን የጻፈው ለመቄዶንያ ሰዎች አይደለም። የጻፈው ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው፤ የቆሮንቶስ ሰዎች ደግሞ በዚያን ጊዜ በእርስዎ ቦታ ላይ ነበሩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በኢየሩሳሌም ያሉት ምእመናን ችግር ላይ ነበሩ። በቀላውዴዎስ ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ41 እስከ 54 በነበረው ጊዜ ውስጥ፣ ረሃብ እንደ ሆነ የሐዋርያት ሥራ 11 ይነግረናል። የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍም የአድያቤን ንግሥት ሄሌና በዚያ ረሃብ ከእስክንድርያ እህል፣ ከቆጵሮስ ደረቅ በለስ እያስገዛች ለኢየሩሳሌም ሕዝብ እንዳከፋፈለች ጽፏል። ያን ጊዜ የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ላኩ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ በ50ዎቹ አጋማሽ ገደማ፣ ጳውሎስ ከአሕዛብ አብያተ ክርስቲያናት ለኢየሩሳሌም ድሆች ሰፊ ማሰባሰብ ጀመረ። ቆሮንቶስ በዚህ ተስፋ የተጣለባት ከተማ ነበረች። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ146 ቢያፈርሷትም በ44 በዩልየስ ቄሣር ትእዛዝ እንደገና ተቆርቁራ፣ በምሥራቅ በክንክራኦስ በምዕራብ በሌካዮን ወደብ የምትነግድ ሀብታም ከተማ ሆና ነበር። ምእመናኖቿም ለመስጠት ተነሡ፣ ቃል ገቡ፤ ጳውሎስም በእነርሱ ዝግጁነት በመቄዶንያ ሰዎች ፊት እስከ መመካት ደረሰ። ዓመት አለፈ፤ የታሰበው ግን አልተፈጸመም።

እንግዲህ ሐዋርያው ቃል ገብተው ላልፈጸሙ ሰዎች ምን አላቸው? ተበደሩ አላላቸውም፤ እምነታችሁ ሞቷል ብሎም አልነቀፋቸውም። በምዕራፍ 8 ቁጥር 8 ላይ ትእዛዝ እንደማይሰጣቸው በግልጽ ይናገራል። ቀጥሎም አምና በፈቃድ የጀመሩትን አሁን እንዲፈጽሙ ይመክራቸዋል፤ መፈጸሙ ግን ካላቸው ላይ እንዲሆን ይጨምርበታል። በቁጥር 12 በጎ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን አይደለም ይላል። ቁጥር 13 ደግሞ ለእርስዎ የተጻፈ ይመስላል፤ ሌሎች እንዲያርፉ እናንተ እንድትጨነቁ አይደለም፣ ነገሩ በትክክል እንዲሆን ነው እንጂ ይላል። ይህን ሲል የጠቀሰው ታሪክ የመና ታሪክ ነው፦ ብዙ የሰበሰበ አልተረፈውም፣ ጥቂትም የሰበሰበ አልጎደለበትም። የመቄዶንያን ምስጋና በቁጥር 3 አንብቦ ቁጥር 12ና 13 ሳይደርስ መጽሐፉን የሚዘጋ ሰው የሐዋርያውን ምክር ግማሹን ይዞ ይሄዳል፤ የዕለቱ ንባብዎም ምናልባት እዚያው ቁጥር 5 ላይ ቆሞ ይሆናል።

በመቄዶንያ ሰዎችም ዘንድ ቢሆን የሚታይ ልዩነት አለ። እነርሱ ሌላ ሰው ሳይወተውታቸው በገዛ ፈቃዳቸው ሰጡ፤ እንዲያውም በዚህ አገልግሎት ተካፋዮች እንዲሆኑ ጳውሎስን አጥብቀው የለመኑት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። ከማንም ተበድረው እንደ ሰጡ የሚናገር አንድም ቃል የለም። የሰጡት የራሳቸውን ነው። እርስዎ ግን፣ እህቴ፣ በመጀመሪያው ክፍያ የሰጡት የባልደረባዎን ገንዘብ፣ በሁለተኛው ወር የነኩት የእናትዎን መድኃኒት ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ ፈልጌ አይደለም፤ ያነበቡትን ምሳሌ ተከትለዋል ብለው ሲያስቡ ምሳሌው ከእጅዎ አምልጦ እንደ ነበር እንዲያዩ ነው።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ እጅግ የምወደው አንድ ክፍል 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥1–4 ነው፤ ብዙ ሰው እንደ ደብዳቤ ማሳረጊያ ያልፈዋል። ጳውሎስ በዚያ እያንዳንዱ ሰው በየሳምንቱ በፊተኛው ቀን እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል፤ ምክንያቱንም ይናገራል፤ እርሱ በመጣ ጊዜ ገንዘብ ማሰባሰብ እንዳይኖር ነው። እስቲ ያስቡት፤ ይህ ሰው እንዴት እንደሚናገር፣ ሰዎችን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ የታወቀ ሐዋርያ ነው። በጉባኤው መካከል ቆሞ ስለ ኢየሩሳሌም ድሆች ቢናገር ያለ የሌለውን የማይጥል አይኖርም ነበር። እርሱ ግን በእርሱ መገኘት ሙቀት የሚሰጥ ስጦታ አልፈለገም። ውሳኔው በቤት፣ በጸጥታ፣ ሳምንቱ ያስገኘው ገቢ በእጅ እያለ፣ ሰው ኪሱንም ቤተሰቡንም በሚያውቅበት ቦታ እንዲደረግ ፈለገ። ልግስና በመጽሐፍ ቅዱስ የአንድ ምሽት ትኩሳት አይደለም፤ ሳምንት ከሳምንት የሚደረግ፣ ታስቦበት የሚለካ ሥራ ነው። በ2ኛ ቆሮንቶስ 9፥7 «እያንዳንዱ በልቡ እንዳሰበ ይስጥ፥ በኀዘን ወይም በግድ አይደለም» የሚለው ቃል ከዚህ ልማድ ጋር ሲነበብ ትርጉሙ ይፈካል፤ ደስታው የሚመጣው አስቀድሞ ከታሰበበት ነውና። እርስዎ በዚያ ማታ ቃል የጻፉበት ወረቀት ቤትዎ ደርሶ አንድ ሳምንት ቢያድር ኖሮ ምን ቁጥር ይሰፍርበት እንደ ነበር ራስዎን ቢጠይቁ ወደ እውነተኛው አቅምዎ የሚያደርሰውን መልስ ያገኛሉ ብዬ አምናለሁ።

ስለ መበለቷ የምለው አጭር ነው፤ ብዙ ተጽፎላታልና። በማርቆስ 12 የጣለቻቸው ሁለት ናሶች የአንድ ዲናር ስድሳ አራተኛ ክፍል ያህል ናቸው፤ ዲናር ደግሞ በማቴዎስ 20 እንደምናየው የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነበር። በመቅደሱ የገንዘብ መቀበያ ሣጥኖች 13 እንደ ነበሩና አፋቸውም የቀንደ መለከት ቅርፅ እንደ ነበረው የአይሁድ መምህራን ወግ ይናገራል፤ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ጌታ የሁለቱን ናስ ስጦታ ለየ። ምስጋናው የማይነካ ነው። ሆኖም ወደ ኋላ ሁለት ቁጥር ብቻ ተመልሰው 12፥40ን ያንብቡ፤ የመበለቶችን ቤት የሚበሉ ጻፎችን ሲያስጠነቅቅ ነበር። ወደ ፊትም 13፥2ን ያንብቡ፤ የዚያ መቅደስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደማይቀር ተናገረ፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ70 ሆነ። ጌታ መበለቷን ያየው ድሆችን የሚያራቁተውን ሥርዓት እየገሠጸ በነበረበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ይህን ክፍል ይዞ ችግረኛን ይበልጥ ማስጨነቅ የክፍሉን መንፈስ መቃወም ይሆናል። በተጨማሪም ሴቲቱ የጣለችው «ትዳሯን ሁሉ» ነው ተባለ፤ የራሷን መተዳደሪያ እንጂ ሌላ ሰው የሚጠብቀውን እንጀራ አልነበረም።

ሚልክያስን በተመለከተ ግን ልዘገይ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም 3፥10 ብቻውን ተነቅሎ ከሚጠቀስባቸው ቃላት ሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ይመስለኛል። አሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ የሚለው ቃል የተነገረው ከባቢሎን ለተመለሱና በፋርስ መንግሥት ሥር ለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ የትንቢቱም ጊዜ በአብዛኛው ከነህምያ ዘመን ጋር ይቀራረባል። ነህምያ በአርጤክስስ 20ኛ ዓመት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ወደ ኢየሩሳሌም መጣ፤ በንጉሡ 32ኛ ዓመት ወደ ንጉሡ ተመልሶ ሄደ። በሌለበት ጊዜ የሆነውን ምዕራፍ 13 በዝርዝር ይነግረናል። ካህኑ ኤልያሴብ የጦብያ ዘመድ ነበረና፣ የእህሉ ቁርባን፣ ዕጣኑ፣ ዕቃዎቹ፣ ለሌዋውያንና ለመዘምራን የታዘዘው የእህል፣ የወይንና የዘይት አሥራት ይቀመጥበት የነበረውን ታላቅ ጓዳ አስለቅቆ ለጦብያ መኖሪያ ሰጠው። ጎተራው የአንድ ባለሥልጣን እልፍኝ ሆነ ማለት ነው። ሌዋውያኑም ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው አገልግሎታቸውን ትተው ወደየእርሻቸው ሸሹ።

ነህምያ ሲመለስ ምን አደረገ? አስቀድሞ ሕዝቡን አልገሠጸም። የጦብያን ዕቃ ሁሉ ከጓዳው አውጥቶ ጣለ፤ ጓዳዎቹን አስነጻ፤ ሹማምንቱን «የእግዚአብሔር ቤት ስለ ምን ተተወ?» ብሎ ተሟገተ፤ ሌዋውያኑንም ሰብስቦ በስፍራቸው አቆማቸው። ይሁዳ ሁሉ አሥራቱን ወደ ጎተራ ያመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ነህምያ በዚህም አልተወሰነም፤ ካህኑን ሰሌምያን፣ ጸሐፊውን ሳዶቅን፣ ከሌዋውያንም ፈዳያን በጎተራዎቹ ላይ ሾመ፤ የሾማቸውም ታማኞች ሆነው ስለ ተገኙ ነው፤ ሥራቸውም ለወንድሞቻቸው ማካፈል ነበር። ይህን ካነበቡ በኋላ ወደ ሚልክያስ ተመልሰው 3፥5ን ይመልከቱ፤ ከአሥራቱ ቃል አምስት ቁጥር ቀድሞ እግዚአብሔር የሠራተኛን ደመወዝ በሚያስቀሩ፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን በሚያስጨንቁ፣ የመጻተኛውንም ፍርድ በሚያጣምሙ ላይ ፈጣን ምስክር እንደሚሆን ይናገራል። በቤቴ መብል እንዲኖር የተባለው መብል የርስት መሬት ያልተሰጣቸውን ሌዋውያን የሚመግብ ነበር፤ በዘዳግም 14 እንደ ተደነገገውም በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው እንዲጠግቡ የተለየ ነበር። ሚልክያስ እርስዎን ከእናትዎ መድኃኒት ለይቶ ለመውሰድ የተላከ ነቢይ አይደለም። መስጠትን በብርቱ ያዝዛል፤ የሚያዝዘው ግን የተራበ እንዲበላ ነው።

ስለ እናትዎ የጌታ ቃል ይበልጥ ግልጽ ነው። በማርቆስ 7 አባቱንና እናቱን ሊረዳበት የሚገባውን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ብሎ ለመቅደስ የለየ ሰው የወላጆቹ ዕዳ እንደ ቀረለት ያስተምሩ የነበሩትን፣ በወጋችሁ የእግዚአብሔርን ቃል ትሽራላችሁ ብሎ ገሠጻቸው። ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን እንዲማሩ፣ ይህ በእግዚአብሔር ፊት የተወደደ መሆኑን ጽፏል። እርስዎ እንደ ፈሪሳውያኑ ተንኮል እንደሌለብዎ አውቃለሁ፤ የሆነው ግን ያው ነው፤ ለእናትዎ ይሄድ የነበረው ቀርቷል። የሚቀጥለው ገንዘብ በእጅዎ ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ መድኃኒቱ ይላክ። ይህን ማድረግ ከመስጠት ያነሰ ነገር እንዳልሆነ፣ ራሱ መስጠት እንደ ሆነ ይወቁ።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ለመስማት ሊከብድዎ ይችላል። ለባለቤትዎ ሳይነግሩ የቆዩበት ጉዳይ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ ያሳስበኛል። የሐናንያና የሰጲራን ታሪክ ሰዎች ያላቸውን ሁሉ ባለመስጠታቸው እንደ ተቀጡ አድርገው ሲያወሩት እሰማለሁ፤ የሐዋርያት ሥራ 5፥4 ግን ይህን ይክዳል። ጴጥሮስ መሬቱ ሳይሸጥ የአንተ አልነበረምን፣ ከተሸጠም በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን ብሎ ጠየቀው። ጥፋታቸው ማስቀረታቸው አልነበረም፤ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርገው ማቅረባቸው ነበር። እርስዎ ከእነርሱ ጋር የሚነጻጸሩ አይደሉም፤ ነገር ግን ድብቅ ነገር ስጦታን እንዴት እንደሚያበላሽ ከዚህ ታሪክ መማር ይቻላል። ባለቤትዎ ምናልባት ይቆጣ ይሆናል። ቁጣው ግን ዕዳው ካደገ በኋላ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ይህን ዓምድ ይዘው፣ ከፈለጉም ደብዳቤዎን ጭምር አሳይተው፣ ልጆቹ በተኙበት ሰዓት ይንገሩት። ከነገሩት በኋላ እንደ አንድ ቤት አብራችሁ መቁጠር ትችላላችሁ።

አቆጣጠሩም እንዲህ ቢሆን እመክራለሁ። ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የባልደረባዎ ብድር ይከፈል፤ ሮሜ 13 እርስ በርስ ከመዋደድ በቀር ለማንም ዕዳ አይኑርባችሁ የሚለው ለዚህ ነው፤ ነህምያ 5ም ወንድም ለወንድሙ በዕዳ መገዛቱ ነህምያን ምን ያህል እንዳስቆጣው ያሳያል። ባልደረባዎ ያበደረዎ ስጦታ ይሆናል ብሎ እንዳልሆነ አይዘንጉ። ከዚያ በኋላ ከሚቀረው ላይ ሳይበደሩና የማንንም ድርሻ ሳይነኩ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ልትሰጡ የምትችሉትን መጠን ከባለቤትዎ ጋር ወስኑ። ትንሽ ይሁን። ይህን ቁጥር ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች ሂዱና ሦስት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ ምን ቃል እንደ ገባችሁ፣ እስካሁን ምን ያህል እንደ ከፈላችሁ፣ ከአሁን በኋላ በምን ያህል ጊዜ ምን ያህል ልትከፍሉ እንደምትችሉ። ረጅም ማብራሪያና ይቅርታ አያስፈልግም። በካህኑ ፊት ቆሞ አቅሙን የተናገረው የዘሌዋውያኑ ሰው ያደረገው ይህን ነው።

ኃላፊዎቹ በደግነት እንደሚቀበሏችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። የተሰበሰበው ለችግረኞች ከሆነ፣ አንዲትን ችግረኛ እናት መድኃኒት በማሳጣት የሚሞላ ሣጥን እንደማይፈልጉ አምናለሁ። አንዳንድ ጊዜ ግን እምነት ይኑርሽ፣ እግዚአብሔር ይሞላዋል ብሎ የሚያባብል ሰው ይኖራል። እንዲህ ያለ መልስ ካገኙ ሳይጣሉ፣ ድምፅዎንም ሳያነሡ፣ በውሳኔያችሁ ይጽኑ። ጳውሎስ ያላዘዘውን ማንም ሊያዝዝዎ አይችልም። ገንዘቡ እንዴት እንደሚያዝና ለማን እንደሚደርስ መጠየቅም ነውር አይደለም። ጳውሎስ ራሱ የዚያን ሁሉ አብያተ ክርስቲያናት ስጦታ ብቻውን ሊሸከም አልወደደም፤ በዚህ የብዙ ስጦታ አገልግሎት ማንም እንዳይነቅፈው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8፥20–21 ጻፈ። በሐዋርያት ሥራ 20፥4 አብረውት የተጓዙት ሰዎች ስም ዝርዝር፣ የቤርያው ሱሲጳጥሮስ፣ የተሰሎንቄዎቹ አርስጥሮኮስና ሲኮንዱስ፣ የደርቤኑ ጋይዮስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የእስያዎቹ ቲኪቆስና ጥሮፊሞስ፣ ብዙ አንባቢ የሚዘልለው ነው። ብዙ ተንታኞች ግን እነዚህ ሰዎች ስጦታውን ከየአካባቢያቸው ተወክለው ያጀቡ እንደ ሆኑ ያምናሉ፤ እኔም አሳማኝ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ስለ ጥሞናዎ ልጨምር። ለጥቂት ሳምንታት የዕለቱን ቁርጥራጭ ንባብ ይተዉና አንድን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው ይከታተሉ። በአንድ ማለዳ የሐዋርያት ሥራ 11፥27–30ን፣ በሌላው 1ኛ ቆሮንቶስ 16ን፣ ከዚያም 2ኛ ቆሮንቶስ 8ንና 9ን ሳይቆራርጡ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ ሮሜ 15፥25–33ን፣ በመጨረሻም የሐዋርያት ሥራ 20፣ 21ና 24፥17ን ያንብቡ። ጳውሎስ በሮሜ ደብዳቤው ስጦታው በኢየሩሳሌም ባሉት ቅዱሳን ዘንድ የተወደደ እንዲሆን ጸልዩልኝ ብሎ ሲለምን ያገኙታል፤ ያን ያህል ዓመት የደከመበት ነገር ተቀባይነት ማግኘቱ አሳስቦት ነበር። እንዲህ ሲያነቡ የሰጪዎቹን ጭንቀት፣ የመጓጓዣውን አደጋ፣ የተቀባዮቹን ረሃብ አብረው ያያሉ፤ ቁጥሮቹም እንደ ከሳሽ መቆማቸው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ነህምያ 5ን፣ 10ንና 13ን ከሚልክያስ ጋር አብረው ያንብቡ። በመካከሉም ዘፀአት 36፥3–7ን ሳያነቡ እንዳያልፉ፤ ሕዝቡ ለድንኳኑ ሥራ በየማለዳው እያመጣ ከሚበቃው በላይ ስለ ሆነ ሠራተኞቹ ለሙሴ ነገሩት፣ ሙሴም ማንም ከእንግዲህ ወዲህ ለመቅደሱ ስጦታ ሥራ እንዳይሠራ በሰፈሩ አሳወጀ። በቃ የተባለበት ስጦታ ይህ ነው፤ ስለ መስጠት በምንሰማቸው ስብከቶች ውስጥ ብዙም ባይነሣም በእኔ ዘንድ ውድ ክፍል ነው።

በሚያነቡበት ጊዜ በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ከእያንዳንዱ ክፍል ጎን ሰጪው ማን እንደ ነበር፣ ከየት አምጥቶ እንደ ሰጠ፣ ስጦታው ለማን እንደ ደረሰ ይጻፉ። ይህን ልማድ ካዳበሩ፣ ሌላ ጊዜ በጉባኤ ላይ የቃል መግቢያ ወረቀት ሲዘረጋልዎ ወረቀቱን ወደ ቤት ይዞ መሄድ አይከብድዎትም፤ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው በሳምንቱ ፊተኛ ቀን ይሙሉት። ነገ ጠዋት በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 ይጀምሩ፤ ከባለቤትዎ ጋር የምትነጋገሩበትንም ቀን ዛሬ ይወስኑ።